ሰባ አንደኛው ቀን

እናትየዋ ጆሮዋን የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ለጥፋ ቆማ ነበር። በዚህ ቤት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅቷ ስትታጠብ፣ ስትተኛ፣ በር ዘግታ ስታጠና እናትየዋ አንዴ ጠጋ ብላ ሳታዳምጥ አታልፍም፤ ወሬ ፍለጋ ሳይሆን ትንፋሽ ፍለጋ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ስታደርገው የኖረችው ነው። ባሏ ለምዶታል፤ በኮሪደሩ ሲያልፍ እንደ ቤት ዕቃ ዞሯት ነው የሚያልፈው። የዚያን ሐሙስ ጠዋት ግን ከቧንቧው ውሃ ጋር የተሰማት ትንፋሽ አልነበረም። ልጅቷ ስልክ ታወራለች። «ሰኞ ነው እባክሽ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ። አይ፣ ለእሷ አልነገርኳትም። አብደሻል እንዴ? ብነግራት እኮ ሳንባዬን ታቅፋ ቢሮአቸው ድረስ ነው የምትሄደው!» አለችና ሳቀች። በስልኩ ማዶ ያለችውም አንድ ነገር ሳትጨምርበት አልቀረችም፤ ልጅቷ እንደገና፣ ከመጀመሪያው ይበልጥ ሳቀች። እናትየዋ ልጇ እንደዚያ ስትስቅ ከሰማች ቆይታለች። በሳቁ መካከል ሳል ይኖር እንደሆነ አዳመጠች። አልነበረም።

ወደ ማድ ቤት ተመልሳ ሻይ ቀዳች። ልጅቷ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ መጣችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከእናቷ በአንድ ራስ ትበልጣለች፤ ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ ድምፅዋ ጎርነን ያለ። ያለፈው ነገር የቀረው መነፅሯ ላይ ብቻ ነው፤ መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ ዓይኖቿን ከሩቅ የሚያዩ ያስመስላቸዋል። ቤት ውስጥ እፍኝ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ሆስፒታል ውስጥ በሕፃናት ማሞቂያው መስታወት በኩል መጀመሪያ ባያት ቀን ነርሷን ዞር ብሎ «ይቺ እፍኝ ናት የኔ ልጅ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። ልጅቷ አደገች፤ በር ስትገባ ጎንበስ ማለት ብቻ እስኪቀራት ድረስ ረዘመች፤ ስሙ ግን እዚያው በልክ የተሰፋበት ቦታ ቀረ።

«ሰኞ ምን አለሽ?» አለች እናትየዋ ዳቦ እየቆረጠች።

«ምንም። ለምን?»

«እንዲያው ነው። ጨርቅ የማመጣበት ቦታ አለ፤ ታግዢኝ እንደሆነ ብዬ።»

«እናያለን፣» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ። ከዚያ ቀና አለችና ለአፍታ እናቷን አየቻት፤ የምትለው ነገር ያለ መሰለ። እናትየዋም ቢላዋውን አቁማ ጠበቀች። ልጅቷ ሻይዋን ጨልጣ ተነሣች። «መጽሐፍ ልመልስ ወጣ እላለሁ፤ ለምሳ አትጠብቁኝ» ብላ ወጣች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ ይሰማል። አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሆናት ድረስ ደረጃ መሮጥ ተከልክላ ነበር።

የልጅቷ ክፍል ከሳሎኑ በኮምፔርሳቶ የተከፈለ ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱን እናትየዋ ራሷ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋዋለች፤ ልጅቷ በየክረምቱ ትቀደዋለች፣ እናትየዋ በየክረምቱ ታሽገዋለች፤ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። አልጋው ላይ ሁለት ትራስ አለ፤ አንዱ ለመተኛ፣ አንዱ ከፍ ብሎ ለመተንፈስ። ሁለተኛው ትራስ ግድግዳው ሥር ወድቆ አቧራ ይዟል። እናትየዋ መሳቢያውን ከፈተች፣ ፍራሹን አነሣች፣ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አራገፈች፤ በመጨረሻም ከአንዱ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ወጣ። ረዳት ቀያሽ። የሥራ ቦታ፣ ሦስተኛው የመንገድ ሥራ ካምፕ። የቦታውን ስም ታውቀዋለች፤ በአውቶቡስ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስኬድ ነው። ከአልጋው ሥር ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ አዲስ ቡት ጫማ አገኘች፤ ጫፉ ብረት ያለው፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ። ስለ ካምፕ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሷ የምትሠራበት ላውንድሪ አንድ ጊዜ የመንገድ ሠራተኞች ቱታ ተቀብሎ ነበር። ሦስት ጊዜ ታጥቦ ሦስቱንም ጊዜ ውሃው ጭቃ ሆኖ ወጣ። ያ አቧራ መጀመሪያ የሄደው የሰዎቹ ደረት ውስጥ ነው፣ ብላ ነበር ያን ቀን። አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ያንኑ ውሃ አየችው።

ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ፋይሉን አወረደች። በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ከሰው ክንድ የሚወፍር፣ ውስጡ የሰባ አንድ ቀን ወረቀት ያለበት ነው። እያንዳንዱ ቀን በሰዓት ተከፍሏል፤ ሙቀት፣ ትንፋሽ፣ በቀጭን ቱቦ የገባ የወተት ልክ። ነርሶቹን በእጅ ጽሑፋቸው ትለያቸዋለች፤ ያቺ ቁጥሮቿን የምታጋድመው፣ ያቺ ደግሞ በጠዋቱ ተራ የምትመጣዋ፣ መጻፍ የሰለቻት። ልጅቷ ስትወለድ ስድስት ወሯን ጨርሳ ሰባተኛውን ገና ነበር የጀመረችው፤ አንድ ኪሎ አልሞላችም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰፈረው የእናትየዋ ስም ነው፤ ሥሩ «ሴት ሕፃን» ይላል፤ ሌላ ስም የለም። ያኔ ከእፍኝ ሌላ ስም ለማውጣት የደፈረ ሰው አልነበረም። ከሆስፒታሉ ሲወጡ ሐኪሙ አንድ ነገር አስተምሯት ነበር፤ ዕድሜዋን ስትቆጥሪ ሦስት ወር ቀንሽላት፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላት እንዲያ ነው የሚቆጠረው፣ ብሏት። እናትየዋ ሁለት ዓመት ሲሞላትም መቀነሷን አልተወችም። ልጅቷ ስትዘገይም ስትቀድምም በልቧ ሦስት ወር ትቀንስላታለች። ልደቷን ዘግይታ ስታስመዘግብም ሦስት ወሩ አልበቃ ብሏት ሙሉ ዓመት ቀነሰች፤ ትምህርት ቤት ከእኩዮቿ አንሳ እንዳትታይባት። ስለዚህ ልጅቷ በመታወቂያዋ ሃያ ዓመቷ ነው፤ በእውነቱ ሃያ አንድ።

ለባሏ ደወለች፤ አላነሣም። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መሪ ላይ ሲሆን አያነሣም። ወደ ላውንድሪው ደውላ አረፍዳለሁ አለች። ፋይሉን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወጣች።

ደብዳቤውን የጻፈው ድርጅት ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ከመሰንበቱ ብዛት ቢጫ ሆኗል። በየፎቁ እየቆመች፣ የብረት መደገፊያውን ይዛ እያለከለከች ወጣች። የቅጥር ኃላፊው ጎልማሳ ሰው ነው፤ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ መነፅሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀት ውስጥ ተቀብሯል። ሲያያት ተነሥቶ ወንበር አቀረበላት። እንዲህ ያለ አቀባበል አልጠበቀችም፤ ታክሲ ውስጥ ስታዘጋጀው የመጣችው ክርክር ሁሉ ጠፋባትና በቀጥታ ወደ ልመናው ገባች። ልጄን ቀጥራችኋል፣ እግዜር ይስጣችሁ፤ ግን ካምፕ አትላኩብኝ፤ ያለጊዜዋ የተወለደች ልጅ ናት፤ ሳንባዋ ሳይጠና ነው የወጣችው፤ እዚሁ ቢሮ ውስጥ አንድ ጥግ ስጧት፣ ደመወዟን ብትቀንሱም ግድ የለም፤ አለች። ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ሰውየው መነፅሩን አወረደና ሦስት አራት ገጽ አነበበ። ፊቱ ተለወጠ። እናትየዋ ያንን ፊት የምታውቀው መሰላት፤ ፋይሉን ያዩ ሐኪሞችና መምህራን ሁሉ ፊታቸው እንዲያ ይለሰልሳል። ሰውየው ግን ከመሳቢያው ሌላ ክላሰር አወጣና አንድ ቅጽ ፊቷ አኖረላት።

«ይኸውልዎት፣ እናቴ። ከባድ የመተንፈሻ ሕመም ደርሶብዎት ያውቃል ወይ ይላል። የለም ብላ ሞልታለች። ፊርማዋ ይኸው።»

«ልጅ ናት እኮ! ሕፃን ሆና የሆነ ነገር በምን ታውቃለች?»

«እርስዎ እያወቁ እሷ አታውቅም?»

ልጅቷ እንዴት አታውቅ! በልቶ ከማደር እኩል ስትሰማው ያደገችው ነው።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት፣» አለ ሰውየው። «ከሠላሳ ተፈታኝ ሁለተኛ ወጥታ ነው ያለፈችው። እኔ ግን ካምፑ ውስጥ ያለኝ አንድ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ነው። ነገ አንድ ነገር ብትሆን የሚጠየቀው ማነው? እንኳን ነገሩኝ። ቅጥሩን እሰርዘዋለሁ።»

«መሰረዝ አላልኩም እኮ ጌታዬ። እዚህ ከተማ ነው ያልኩት።»

«እዚህ የሚቀየስ ነገር የለም፤ እዚህ ያለው ወረቀት ብቻ ነው» አለ፣ በእጁ ጠረጴዛውን እያሳያት። የተናገረው ልመናዋን እንደፈጸመላት ሰው ነበር። ፋይሉንም ለማስረጃ ኮፒ አደርገዋለሁ፣ ነገ ይውሰዱት፣ ብሎ አስቀረው። ደረጃውን ስትወርድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የተሰማት እፎይታ ነበር። ሁለተኛው ላይም እፎይታ ነበር። መንገድ ላይ ወጥታ ባዶ እጇን ስታይ ነው ዞራ አራተኛውን ፎቅ ቀና ብላ ያየችው።

የላውንድሪው መስኮት አጠገብ ያለችው የስፌት ጠረጴዛ የእሷ ናት። ሥራዋ ዚፕ መቀየር፣ ሱሪ ማሳጠር፣ ቁልፍ መትከል ነው፤ ትልቁ ሥራ፣ እጥበቱና ካውያው፣ ከጀርባዋ ነው። ካውያውን የያዘችው ወፍራም ሴት ባቡር ትባላለች፤ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ እየተነፈሰች ስለምትሄድ የሰጧት ስም ነው፤ እሷም ትወደዋለች። «ምነው ዛሬስ?» አለቻት ባቡር ገና ስትገባ። «ልጅሽ ደህና ናት ማለት ነው። ልጅሽ ካላሳላት አንቺን ያምሻል አይደል?» ሁሉም ሳቁ። እናትየዋም ፈገግ አለችና አንድ ጥቁር ጃኬት አንሥታ ገበሩን መተርተር ጀመረች። ጃኬቱ የአንድ ጠበቃ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ይጠበዋል። የሰው ልብስ ሲጠብ ማስፋት ይቻላል፤ ስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ አለ። ከቀትር በኋላ ስልኳ ጮኸ።

«ደውለሽልኝ ነበር፣» አለ ባሏ። «ተርሚናል ደርሼ ነው።» ሞተሩ ሲያጓራ ይሰማል።

ሁሉንም ነገረችው፤ የበሩን፣ የደብዳቤውን፣ የአራተኛውን ፎቅ። አላቋረጣትም። ስትጨርስ ሞተሩን አጠፋው፤ አንድ ተሳፋሪ በሩ ይከፈት እንደሆነ ሲጠይቀው፣ እሱም «ቆይ» ሲለው ሰማች።

«የቅጥሯ ዋስትና ወረቀት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ጫማውንም እኔ ነኝ የገዛሁላት።»

«ከእኔ ደብቃችሁ?»

«ታዲያ ካንቺ ካልተደበቀ ከማን ይደበቃል?» አለ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ለተሳፋሪ የመውረጃ ቦታ እንደሚነግር ሰው ነበር አነጋገሩ። ቀጥሎ «ተራዬ ደርሷል» ብሎ ዘጋው። እናትየዋ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ የመርፌውን ቀዳዳ ስትፈልግ ቆየች። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረዋል። ልጅቷ ከተወለደች ወዲህ ሌላ አልወለዱም፤ አልወልድም ያለችው እሷ ናት፤ እሱ ለምን ብሎ አልጠየቃትም። በእነዚያ ሰባ አንድ ቀኖች እሱ በማታው ፈረቃ ይሠራ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ደም ለብሶ ይመጣና የማሞቂያውን መስታወት በአንድ ጣት መታ አድርጎ ይሄዳል። እሷ ሁሌም ያኔ ብቻዬን ነበርኩ ስትል ነው የኖረችው። ሊያርማት ሞክሮ አያውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ መጣች። ላውንድሪውን ከረገጠች ሁለት ዓመት ይሆናታል። በር ላይ እንደቆመች መነፅሯ በእንፋሎቱ ተሸፈነ፤ አውልቃ በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችው፤ ያለ መነፅር ፊቷ ራቁቱን ሆኖ ታየ።

«እማ፣ ነይ ውጪ።»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ የኔ ቆንጆ። ቁጭ በይ፤ ይቺን...»

«ነይ ውጪ አልኩሽ።»

የባቡር ካውያ ቆመ። እናትየዋ ክር የተጣበቀበትን ሽርጧን ሳታወልቅ ወጣች። በሱቁና በአጠገቡ ባለው የቁልፍ መቅረጫ መካከል አንድ ሰው የሚያሳልፍ መተላለፊያ አለ፤ የልብስ ማጠቢያው ሙቅ ውሃ የሚወርድበት። እዚያ ቆሙ።

«ደውለው ነገሩኝ፣» አለች ልጅቷ። «ቅጽ ላይ ዋሽተሻል፣ ሕመም ደብቀሻል አሉኝ። በሰው ፊት፣ ጓደኞቼ ጋ ቁጭ ብዬ። እንደተያዘ ሌባ ነው የሆንኩት።»

«እኔ እንዲሰርዙሽ አላልኩም። አቧራውን ፈርቼ ነው። ደረትሽ...»

«ደረቴ ምን ሆነ? መጨረሻ ሐኪም ቤት የተኛሁት መቼ ነው? ንገሪኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ በቀን በሰዓት።»

«ስድስት ዓመት ከ...» እናትየዋ ሦስት ወሩን ልትቀንስ ነበር፤ ተወችው። «ስድስት ዓመትሽ ላይ።»

«አሥራ አምስት ዓመት ሆነው እኮ እማ! እኔ ከዚያ ሆስፒታል ወጥቻለሁ። አንቺ ነሽ ያልወጣሽው። ሁሌ ስትጠሪኝ እዚያ ውስጥ ሆነሽ ነው የምትጠሪኝ። መልስ ስሰጥሽ ከየት ሆኜ እንደሆነ አታውቂም።» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ትመጪና ዋሽቼ ነው ትያቸዋለሽ።»

«እንዴት አድርጌ ዋሽቼ ነው እላለሁ? ወረቀቱ እኮ እዚያ ነው።»

«እኔ አላውቅም። ያስገባሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አውጪው።»

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ትከሻቸው በየመዞሪያው ይነካካል። የታክሲው ረዳት ሂሳብ ሲጠይቅ ሁለቱም እኩል እጃቸውን ወደ ቦርሳ ሰደዱ፤ ልጅቷ ቀደመች፤ ለሁለት ሰው ከፈለች። አራተኛ ፎቅ ድረስ ልጅቷ ፊት ፊት ወጣች። በየፎቁ ቆማ ትጠብቃታለች እንጂ ተመልሳ እጇን አልያዘቻትም። እናትየዋ የምትለውን አዘጋጅታለች፤ አጋንኜ ነው፣ ነገሩ ያን ያህል አልነበረም፣ እናት ስለሆንኩ ነው፣ ትላለች። ኃላፊው ሁለቱንም አስቀመጣቸው። ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው፤ የመሰረዣው ደብዳቤም ተጽፎ ጎኑ አለ፤ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። እናትየዋ ያዘጋጀችውን ተናገረች። ሰውየው በትዕግሥት አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ የሆስፒታል ማኅተም እንዴት ይጋነናል? ይኸው ኦክስጅን፣ ይኸው ሳንባ፣ ይኸው ሰባ አንድ ቀን።» ገጾቹን በጣቱ ገለጠ፤ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰና ቆመ። የልጅቷን መታወቂያ ኮፒ ከክላሰሩ አወጣ። አንዱን ያያል፣ ሌላውን ያያል። «ይሄ ቀን ግን...» አለ። «ይሄ እኮ እሷ ከመወለዷ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ደግሞም ስም የለበትም። ሴት ሕፃን ነው የሚለው። የማን ፋይል ነው ይሄ?»

እናትየዋ ልጇን ዞር ብላ አየቻት። ልጅቷ ነገሩ ቀድሞ ገብቷታል፤ ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን ታያለች። እናትየዋ ልጇ የሁለት ዓመት ሕፃን ከነበረች ጀምሮ ብዙ ነገር ዋሽታታለች፤ መድኃኒቱን ከረሜላ ነው ብላ፣ መርፌውን ትንኝ ናት ብላ፤ ለመምህራን፣ ለዘመድ፣ ለመዝገብ ቤት ዋሽታለች። እንዲህ ያለ ውሸት ግን አፏ ላይ መጥቶ አያውቅም።

«የታላቋ ነው፣» አለች።

«እህት አለቻት?»

«ነበረቻት።»

ሰውየው እጁን ከወረቀቱ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ። «አዝናለሁ» አለ። ከዚያም፣ ሥራው ስለሆነ፣ ጠየቃት፤ «መቼ ነው ያረፈችው?»

«በሰባ አንደኛው ቀን፣» አለች እናትየዋ። «ነርሶቹ ተሻላት ብለውኝ ነበር። ልብስ ሰፍቼላት ነበር፤ እጅጌው ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ታቅፌያት ልወጣ ስል...» አንዳንዱ እውነት ነበር። ልብሱ እውነት ነው፤ ታቅፋት መውጣቷም እውነት ነው። አሁን ግን የሚያንቀጠቅጣት የትኛው እንደሆነ ራሷም አልለየችውም። «ያቺ ከሄደች በኋላ ይቺን ከዓይኔ ማራቅ አልችልም። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው የሞተችውን ይዤ የመጣሁት። ይቺ በቀኗ ነው የተወለደችው። ሦስት ኪሎ ተኩል። ምንም የላትም።»

ልጅቷ አንገቷን አላቀናችም። በመነፅሯ ሥር አንድ ጠብታ ወርዶ አገጯ ላይ ቆመ፤ አልጠረገችውም። ኃላፊው ይህን አይቶ የእህት ሐዘን መሰለው። ደብዳቤውን አንሥቶ ለሁለት ቀደደው፤ የተቀደደውን ደግሞ እንደገና ቀደደው። «እግዜር ያጽናዎት፣ እናቴ። ሳላውቅ ቁስልዎን ነካሁት» አለ። ወደ ልጅቷም ዞሮ፣ «አንቺም እናትሽን እንዳትቀየሚ። ሰኞ መነሻው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ እንዳታረፍጂ» አላት። ፋይሉን ደረቱ ላይ ሰብስቦ፣ አስከሬን እንደሚያስረክብ ሰው በሁለት እጁ ለእናትየዋ ሰጣት።

መንገድ ላይ ወጥተው ጥቂት ተራመዱ። የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ የሚወጣበት ሰዓት ስለነበር የእግረኛው መንገድ ሰው ሞልቶታል፤ አንዳንዴ ሰው በመካከላቸው ያልፍና ይለያያሉ።

«ሰባ አንደኛው ቀን ቤት የገባሁበት ቀን አይደል እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«አዎ።»

«ለምን እሱን አልሽ? ሌላ ቀን ማለት አትችዪም ነበር?»

«ሌላ ቀን አልመጣልኝም።»

ልጅቷ ቆመች። አንድ ነገር ልታደርግ፣ ልታቅፋት ወይ ልትገፈትራት፣ እጇን ግማሽ መንገድ አንሥታ ነበር፤ መልሳ ኪሷ ከተተችው። «ሰኞ መናኸሪያ አባ ያደርሰኛል» አለች። ከዚያ፣ ግልጽ እንዲሆን፣ «እሱ ብቻ ይምጣ» ብላ ጨመረች።

«እሺ።»

«ስደርስ እደውላለሁ። በየቀኑ ግን አይደለም።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ልጅቷ መንገዱን ተሻግራ ሄደች። አካሄዷ ሰፊ ነው፤ ሰው እየቀደመች፣ እየታጠፈች፣ አንዴም ሳትቆም እስክትሰወር ድረስ እናትየዋ ቆማ አየቻት። ከዚያ ወደ ላውንድሪው ተመለሰች። የጠበቃው ጃኬት ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ማለቅ አለበት።

ባቡር ገና ከበር ስታያት ካውያውን አቆመች። «ምነው? ልጅቷ ምን ሆና ነው? ፊቷን አይቼ እኮ ክው አልኩ።»

«ምንም አልሆነች፣» አለች እናትየዋ፣ ፋይሉን ወንበሯ ሥር እያስገባች። «ሥራ ይዛለች። ቀያሽ ሆና ተቀጥራ፣ ሰኞ ትሄዳለች።»

ባቡር ጮኸች። «ያቺ እፍኝ! ያቺ ስታስል የከረመችው! እንኳን ደስ አለሽ!» በእንፋሎት በራሰ ክንዷ አንገቷን አንቃ ሳመቻት። ከእጥበቱ ክፍል ሁለቱ ሴቶች እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ፤ ባለቤቱ ከሒሳብ መስኮቱ አንገቱን አወጣ፤ ልብስ ሊወስድ የመጣ፣ ጨርሶ የማያውቃት ሰው እንኳ ቀርቦ እጇን ጨበጣት። ልጅቷ በተወለደች ቀን እንዲህ ያላት አንድም ሰው አልነበረም። የመጣ ዘመድ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይበል ወይስ አይዞሽ ይበል ጨንቆት፣ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያይ ቆይቶ ሄዷል፤ ይዛት ቤት ስትገባ ደግሞ ነገሩ የቆየ መሰላቸውና ዝም አሉ። እናትየዋ በእንፋሎቱ መካከል ቆማ የተዘረጋውን እጅ ሁሉ በየተራ ጨበጠች። «እንኳን አብሮ ደስ አለን፣» አለች፤ «እንኳን አብሮ ደስ አለን።»